የቁም ሙሾ

ሃቮድ ወን፣ ሜሪዮኔዝ
ኤፕሪል 14 ቀን 1591

ለዶክተር ሜይሪግ ፕሪዘርክ፣ ለንደን

ስለ መሞቴ ለልጄ ለሎውሪ የጻፍከው የሐዘን ደብዳቤ ሰኞ ዕለት ደርሷል። የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

አጻጻፍህ ደህና ነው። «ነፍሳቸውን በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን» ያልከውን አሜን ብያለሁ፤ ለኋላ ይጠቅመኛል። ሎውሪ የአጃ ቂጣ እያገላበጠች ነበር። «አባዬ፣ ሞተሃል አሉ። ምሳ ላቅርብ ወይስ ይቅር?» አለችኝ። ሳቅን።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ሳቁ ቆመ። «ሟቹ መጽሐፉን በሕይወቴ ሳለሁ የአታሚ ቀለም አይንካው ብለው ነበር። አሁን ጊዜው ስላለፈ የመምህር ኤድኔቬድን መጽሐፍ ለአታሚ አስረክቤያለሁ» ይላል።

ያን መጽሐፍ የዛሬ ሁለት ዓመት ያዋስኩህ አንተን አምኜ አይደለም። የባለቅኔዎች ደጋፊ የሆነችው እመቤት ማሬድ በማዕዷ ላይ እጄን ይዛ ስለለመነችኝ ነው። መምህሬ ኤድኔቬድ የአገራችንን የጥንት ባለቅኔዎች ቃላት ከነፍቺያቸው አርባ ዓመት ሙሉ ከየቤቱ፣ ከየሽማግሌው አፍ ለቅሞ የጻፈው ነው። ለእኔ ያስረከበኝ ቃለ መሐላ ካስገባኝ በኋላ ነው፤ እኔም ለማለ ደቀ መዝሙር እንጂ ለሌላ አሳይቼው አላውቅም። አንተ አልማልክም። አንተ የተበደርከው ከነትእዛዙ ነው።

ወሬው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ባለፈው የልደት በዓል ወዳጄ ሊዋርክ የቁም ሙሾ አወረደልኝ። ባለቅኔ ወዳጁን በቁሙ እንደሚያለቅስለት፣ ሟቹም ቢራውን ይዞ ተቀምጦ እንደሚያዳምጥ በአገራችን የማያውቅ የለም። የቁም ሙሾና የእውነት ሙሾ የሚለዩበትም አንድ ነገር ነው፤ የእውነቱ መጨረሻ ላይ የሞቱን ዓመት ይናገራል፣ የቁሙ ዓመት የለውም። ሰባ ስንኝ አንብበህ ዓመቱን ሳትፈልግ ቀረህ? እረኛ እንኳ ይህን አይስትም።

መጽሐፉን መልስ።

ኢቴል አፕ ካዱጋን

—

ለንደን፣ በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ
ኤፕሪል 30 ቀን 1591

ለመምህር ኢቴል አፕ ካዱጋን

በሕይወት በመኖርዎ ደስ ብሎኛል። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ፤ የላክሁልዎ አራተኛውን ነው።

ዓመት ያለውን ሙሾ ከሌለው የማልለይ አድርገው ገምተውኛል። በፌብሩዋሪ ወር ከሜሪዮኔዝ ከብት እየነዱ ከመጡት ሰዎች አንዱ በሆልበርን ማደሪያ ቤት ሙሾውን ከነዜማው አወረደው። ሰባት የአገር ሰዎች ነበርን፤ ሰባታችንም ባርኔጣችንን አወለቅን። ቃሉን ከአፉ ያስገለበጥኩት እኔ ነኝ። ግልባጩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች ይመልከቱ፤ ዓመቱ ተጠቅሷል፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዘጠና።

በማዕዱ ላይ የነበረ አንድ የሕግ ሰው «ሰውየው በምላሱ ያልገደለው ማን ቀረ? ሞት ራሱ ፈርቶት የቆየ ይመስለኛል» ብሏል። ይህን የምጽፈው ሐዘኑ ምን ዓይነት እንደነበር እንዲያውቁት ነው።

ሰው የራሱን ሙሾ አስወርዶ፣ አዳምጦ፣ ጽዋ ካነሳ በኋላ ለምን አመናችሁ ብሎ መቆጣቱ ለእኔ እንግዳ ነገር ነው። ሊዋርክ በራሱ ተነሣስቶ እንዳልገጠመውም ሰምቻለሁ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ሲወተውቱት ነበር አሉ።

ስለ መጽሐፉ የጠየቁት አጭር መልስ አለው። አሥራ አንድ ሉህ ታትሟል። ሁለት ፊደል ለቃሚዎች ጎን ለጎን እንዲሠሩበት ስፌቱ ተፈትቷል፤ ገጾቹ በየሰሌዳው ላይ ናቸው። ስለዚህ እንደ መጽሐፍ ልመልሰው አልችልም። የአይጥ ጥርስ ያገኘው ግን እዚህ አይደለም፤ ሲያዋሱኝም ዘጠኝ ቅጠል ተበልቶ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ አይመታ።

ስለ ስፌቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ሌላው ገና አላሰብኩበትም።

ሜይሪግ ፕሪዘርክ

—

ሃቮድ ወን
ሜይ 13 ቀን 1591

ለዶክተር ሜይሪግ

ግልባጭህን ሰምቼዋለሁ።

ሊዋርክን አስጠራሁት። የሁለት ሰዓት መንገድ በዝናብ መጥቶ፣ ገና ካባውን ሳያወልቅ የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ተነበቡለት። ከዚያ «ይሄ የኔ ነው የሚል ማነው?» አለ።

«ዶክተሩ» አለችው ሎውሪ።

«እኔ ይህን ከምገጥም አህያ ላይ ወደኋላ ዞሬ ተቀምጬ ገበያ ብዞር ይሻለኛል። ኢቴል፣ አንተ ደግሞ ሙት ስትባል ሞተህ ብታርፍ ምን ነበረበት? አሁን ስሜን አስጠፋኸው።»

ስንኙ ምን እንዳለበት ታውቃለህ፤ ግን በጽሑፍ ይኑርህ። በእኛ ግጥም የስንኙ ፊተኛ ግማሽ ተነባቢዎች በኋለኛው ግማሽ በዚያው ተራ መመለስ አለባቸው። ያንተ ተመልሰዋል፤ አንድም አልጎደለም። ነገር ግን በፊተኛው ግማሽ የቃሉ የድምፅ ክብደት ተነባቢዎቹን ተከትሎ ይመጣል፣ በኋለኛው ደግሞ ይቀድማቸዋል። ዓይን አያየውም፤ ጆሮ ግን ጠጠር እንዳኘከ ጥርስ ያውቀዋል። ሻካራና ልስልስ የምንለው ነውር ነው። ማንም ከብት ነጂ ሙሾ ላይ ስንኝ ሊጨምር ይችላል፤ ቢጨምር ግን ተነባቢዎቹን ያጓድላል እንጂ ሁሉንም ደርድሮ ክብደቱን አይስትም። ለዚያ መማር ያስፈልጋል፤ ተምሮም አለመስማት።

ይህን ነውር አዘውትሮ የሚሠራ አንድ ሰው አውቃለሁ። የዛሬ ሃያ አራት ዓመት በባለቅኔዎች ጉባኤ ፊት ቆሞ አንድ ግጥም አሰማ፤ አምስት ቦታ ላይ ነውር ነው ብዬ እጄን አነሣሁበት። ማዕረጉን ከለከልኩት። ወጣት ስለነበረ አለቀሰ፤ አሁን ዶክተር ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ማዕረግህ ጨመረ እንጂ ጆሮህ አልዳነም።

ዓመቱን የጨመርከው አንተ ነህ። ገደልከኝ፤ የገደልከኝም በመጥፎ ስንኝ ነው። የትኛው እንደሚያናድደኝ ገና አልለየሁም።

የታተመውን አቃጥለህ ቅጠሎቹን በእመቤት ማሬድ ሰው በኩል ላክ። እሷ እስካሁን አልሰማችም። እንድትሰማ ትፈልጋለህ?

ኢቴል

—

ለንደን
ጁን 1 ቀን 1591

ለመምህር ኢቴል አፕ ካዱጋን

አዎ፣ ሁለቱን ስንኞች የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ለእመቤት ማሬድ መንገር ከፈለጉ ይንገሯት። ስትጠይቅዎ ግን ይህንንም ይጨምሩላት። በሁለት ዓመት ውስጥ መጽሐፉ እንዲታተም አምስት ጊዜ በደብዳቤ ለምኛለሁ። ሁለቱን አልመለሱም። ሁለቱን በስድብ ግጥም መለሱ። አምስተኛውን ደብዳቤ በሊዋርክ ቤት የአሳማ ሥጋ ጠቅልለውበታል ሲሉ ሰማሁ፤ ውሸት ከሆነ ያርሙኝ።

የእርስዎ ደቀ መዝሙር ማነው? ስም ይጥሩልኝ። የማለ አንድ ሰው ይጥሩ። የመጨረሻው ወደ ሽሩዝበሪ ሄዶ ሱፍ ነጋዴ ሆኗል። ልጅዎ ቃላቱን ሁሉ ታውቃለች፤ ሴት ናት ብለው አላስማሏትም። ስልሳ ስምንት ዓመትዎ ነው። ቤትዎ ሲያፈስ አይቻለሁ። እርስዎ በእውነት በሚሞቱ ዕለት ዓመቱን የሚጨምር አይጠፋም፤ ቃላቱ ግን ያን ዕለት አብረውዎ ይቀበራሉ፣ የቀሩትን ቅጠሎችም አይጥ ይጨርሳቸዋል። ያን ቀን መጠበቅ አልፈለግሁም። አቀረብኩት።

በጉባኤው ስለሆነው የጻፉትን አንብቤያለሁ። እጅዎን ያነሡት አራት ጊዜ ነው፤ አምስት አይደለም። ለዚያ ብዬ እንዳላደረግሁት ብጽፍ አያምኑኝም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አላምነውም።

አሁን ያለው ነገር ይህ ነው። አሥራ አንዱ ሉህ ወጥቷል፤ አይመለስም። አራት ይቀራል። የአራቱን የሙከራ ሕትመት ልኬልዎታለሁ። ፊደል ለቃሚዎቹ እንግሊዞች ናቸው፤ የሚለቅሙትን አንዲት ቃል አያውቁም። እኔም የማላነባቸው ቦታዎች አሉ። ያርሙልኝ። ካረሙ በፊተኛው ገጽ ላይ «ሟቹ ኢቴል» የሚለው ይነሣል፤ «በሕይወት ባሉት በመምህር ኢቴል እጅ ታርሞ» ይባላል። ካላረሙ እንዳለ ይታተማል።

ሜይሪግ ፕሪዘርክ

—

ሃቮድ ወን
ጁን 16 ቀን 1591

ለዶክተር ሜይሪግ

አላርምም። የሰረቅኸውን በሬ ቀንበሩን ላስተካክልልህ?

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። በሁለተኛው ሉህ ላይ «ጓውድ» የሚለውን ቃል በላቲን ፌዝ፣ ላግጣ ብለህ ፈትተኸዋል። ይህን ማን ነገረህ?

ዛሬ በገበያ ሰካራሞች ሲነቋቆሩ ጓውድ እንደሚሉ እኔም ሰምቻለሁ። ቃሉ ወድቋል። በጥንቶቹ አፍ ግን ጓውድ ውዳሴ ነው፤ ከውዳሴም ከፍተኛው፣ ባለቅኔ ለንጉሥ ቆሞ የሚያቀርበው። ባለቅኔዎቻችን ለሞቱ ጌቶቻቸው «ጓውዴን ተቀበል» ብለው ዘምረዋል። የአንተ መጽሐፍ ሲወጣ የእንግሊዝ ምሁር ሁሉ ምን ብሎ ያነበዋል? «ላግጣዬን ተቀበል»። አራት መቶ ዓመት ሙሉ በጌቶቻችን መቃብር ላይ ስንሳለቅ የኖርን አደረግኸን።

መምህሬ ይህን ቃል ሲያስተምረኝ ከወንበሩ ተነሥቶ ነው። ሕመምተኛ ነበር።

እመቤት ማሬድ ሰምታለች። ያለችውን አልጽፍልህም።

ኢቴል

—

ለንደን
ጁላይ 1 ቀን 1591

ለመምህር ኢቴል አፕ ካዱጋን

ማን ነገረህ ላሉት፦ ማንም አልነገረኝም። መጽሐፍዎ ውስጥ ቃሉ አለ፤ ትርጉሙ የለም። ከ«ጓውድ» ቀጥሎ ያለው የቅጠሉ ጠርዝ በአይጥ ተበልቷል። የሰው አፍ የሚለውን ጻፍኩ። ምን ልጻፍ? ባዶ ልተወው?

የጻፉልኝን ብቻ ይዤ ላርመው እችል ነበር። አታሚው ግን ለእያንዳንዱ ቃል ምስክር የሚሆን የጥንት ስንኝ ይጠይቃል፤ ስንኞቹ ያሉት በእርስዎ ራስ ውስጥ ነው። እንዲህ ያሉ የተበሉ ቃላት በአራቱ ሉህ ላይ ብቻ ከሠላሳ ይበልጣሉ።

ልጅዎ ሎውሪ ባለፈው ወር አጋማሽ ለጻፈችልኝ ደብዳቤ መልሱ ይኸው፦ የመጨረሻው ቀን ኦገስት 2 ነው፤ በዚያ ቀን ማተሚያው ለሌላ ሥራ ይያዛል። አዎ፣ እርማቱ በእሷ እጅ ተጽፎ ቢመጣም እቀበላለሁ። ለጠየቀችው ለሦስተኛው ነገር መልሴ አይሆንም ነው፤ የእኔ ስም ከፊተኛው ገጽ አይነሣም።

ደብዳቤዋ ሌላም ነገር አሳውቆኛል። የእሷን ጽሕፈትና ዘንድሮ በእርስዎ ስም የመጡልኝን ሦስት ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጫቸው ነበር። እጁ አንድ ነው። የሰደበኝ አፍ የእርስዎ ነው፤ የጻፈችውም ያነበበችውም ልጅዎ ናት። ዓይንዎ ከጠፋ ስንት ጊዜ ሆነው? መጽሐፉን ሲያዋሱኝስ ያዩ ነበር? እንዲመለስ የሚጮሁለትን መጽሐፍ ቢመለስልዎ ሊያነቡት አይችሉም።

አላዝንልዎትም፤ እንዳዝንልዎ እንደማይፈልጉም አውቃለሁ። የምለው አይጡ ዘጠኝ ቅጠል ሲበላ ያላዩት ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ ነው።

ሜይሪግ ፕሪዘርክ

—

ሃቮድ ወን
ጁላይ 14 ቀን 1591

ለዶክተር ሜይሪግ

ደብዳቤህ የዛሬ ሳምንት ተነበበልኝ። ሎውሪ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ደርሳ ከእርማቱ ቀን በቀጥታ ወደ ፊርማህ ዘለለች። ቆሚ አልኳት። አንተ ክፉ ገጣሚ ነህ፤ ስድ ንባብህ ግን አያነክስም፣ እዚያ ላይ አነከሰ። የሆነ ነገር ተቆርጧል።

«ምንም አልቆረጥኩም» አለች።

«ሎውሪ፣ ሳይነካኝ የሚፈርም ሰው ነው እንዴ? ሳይሰድበኝስ? ድገሚው።»

ደገመችው። ስለ ዓይኔ የጻፍከውን ስታነብ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ተናዳ ነበር። መጀመሪያ በአንተ መሰለኝ። «እሱን በደብዳቤ የለመንኩት አንተን ስለፈራሁ ነው» አለችኝ። «ሠላሳ ዓመት ቃላቱን ስትደግም ሰማሁህ። እሳት እያነደድኩ ሰማሁ፣ ላም እያለብኩ ሰማሁ። አንድም ቀን ነይ ማይ አላልከኝም። እሱ ሌባ ነው፤ አንተስ ምንድን ነህ?»

ሉሆቹን አምጪና ከመጀመሪያው አንብቢልኝ አልኳት።

ዓይኔ ከጠፋ አራት ዓመት ሆነው። መጽሐፉን ሳስረክብህ በእጄ ዳስሼ ነው ያስረከብኩህ፤ ሚዛኑ ልክ ስለነበር ሙሉ መሰለኝ። አይጡን በተመለከተ ያልከው ትክክል ነው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው፤ ሐሰተኛ ነህ፣ ስንኝህም የሐሰተኛ ነው፣ ከሰው ቤት የገባኸው የሞተ ሰው ስም ለብሰህ ነው።

ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ አራቱ ሉህ ተነበቡልኝ። እሷ ታነባለች፣ እኔ አስቆማታለሁ። የፊደል ለቃሚዎቹ ስህተት ሁለት መቶ አሥር ነው። ያንተ ስልሳ ሦስት። አይጥ የበላቸው ሠላሳ አራት ቃላት ናቸው፤ የሠላሳ አንዱን ምስክር ስንኝ አስታወስኩ፣ ሁለቱን ያስታወሰችው ሎውሪ ናት። አንዱ ለሁለታችንም ጠፍቷል። ሁሉንም በአምስት ወረቀት ላይ ጽፋዋለች። እንድታነብልኝ አድርጌ እያንዳንዱን አዳምጫለሁ።

ሊዋርክ እሁድ መጥቶ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ አገኛቸው። «እሳቱ ቅርብ ነው» አለኝ። «ይህን ከላክህለት የሰረቀህን ሰው በገዛ እጅህ ምሁር አደረግኸው። ስምህ ከስሙ በታች ይታተማል። የመምህራችንን ቃለ መሐላ ማን አፈረሰው ሲባል ዶክተሩ ሳይሆን አንተ ትሆናለህ።» እውነቱን ነው። ሎውሪ ደግሞ ማድጋውን እያጠበች፣ ወደ እሱ ሳትዞር፣ «ካልላከው ደግሞ ኤድኔቬድ በጌቶቹ መቃብር ላይ ሲያላግጥ ይታተማል። ይሄን መሐላ ነው የማልክለት?» አለችው። እሷም እውነቷን ነው። ሊዋርክ ቢራውን ሳይጨርስ ሄደ፤ ይህ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሆኖ አያውቅም።

እመቤት ማሬድ የምለውን አድርግ ብላ አልላከችብኝም። «አንዴ ለመንኩህ፣ ይበቃኛል» ብላለች።

ስለዚህ እንዳትጠብቅ፣ እንዳትተውም ልጽፍልህ ወደድኩ። ይህ ደብዳቤ ዛሬ በዳኛው መልእክተኛ ፈረስ ይሄዳል። አምስቱ ወረቀቶች አብረውት አይሄዱም፤ ታጥፈው ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ማኅተም አልተደረገባቸውም። ከብት ነጂዎቹ ሰኞ፣ ጁላይ 19፣ ከቀትር በፊት በበራችን ያልፋሉ። ከእኛ ደጅ ለንደን አሥራ አራት ቀን ይወስድባቸዋል፤ ልክ ኦገስት 2።

ኢቴል አፕ ካዱጋን
በልጁ በሎውሪ እጅ